ባንኩ ዝም ያለበት ቀን፦ የኒው ኦርሊንስ የጎርፍ ካርታና የቤት ብድር

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2016 ኒው ኦርሊንስ ላይ ለዓይን የሚታይ ነገር አልተለወጠም። ቤቱ እዚያው፣ ጎዳናው እዚያው፣ ከባህር ወለል በታች የተቀመጠው መሬትም እዚያው። ግን በዚያች ቀን ከከተማዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍል ከፍተኛ የጎርፍ አደጋ አለበት ከሚባለው ዞን ወጣ። ወጣ ስል በወረቀት ነው። የተነቃነቀው መስመር ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም በአጭሩ ፌማ የሚለው፣ በሚያወጣው የጎርፍ ካርታ ላይ ያለ መስመር።

መስመሩ ሲነሳ ግን አብሮት የተነሳ ነገር አለ። ባንኮች ለእነዚያ ቤቶች የጎርፍ ኢንሹራንስ እንዲጠይቁ የሚያዛቸው ሕግ እነሱን መመልከቱ ቀረ። አሥር ወር ከጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ኦገስት 5 ቀን 2017፣ ዝናብ መጣ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ስለ ጎርፍ ካርታ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ተቃራኒውን ስለሆነ ነው። ካርታ ተቀየረ፣ ቤታችን ዞን ውስጥ ገባ፣ ባንኩ ደብዳቤ ላከ፣ የወር ክፍያው ጨመረ፣ ሰው ተናደደ። እሱም አለ፣ እመለስበታለሁ። የኒው ኦርሊንሱ ግን የሚናደድበት ነገር የለውም። ወጪ ቀነሰ፣ ሰው እፎይ አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ባንክን ከጎርፍ ጋር ማን አገናኘው

ታሪኩ ራሱ የሚጀምረው ከዚችው ከተማ ነው። በ1965 ቤትሲ የተባለች አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን መታች። መከላከያው ተሰበረ፣ ብዙ ሰፈር ውሃ ዋጠው። የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ደግሞ ጎርፍን ቀድሞውኑ እርግፍ አድርገው ትተውት ነበር። አይፈረድባቸውም። እሳት የአንድ ሰው ቤት ያቃጥላል፣ ጎርፍ ግን ሲመጣ ሰፈሩን ሁሉ በአንድ ቀን ነው። በዚያ ላይ ኢንሹራንሱን ሊገዛ የሚመጣው ውሃ ዳር ያለ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ በ1968 ኮንግረስ ብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራምን አቋቋመ። መንግሥት ራሱ ኢንሹራንስ ሰጪ ሆነ ማለት ነው። ሱቁ ተከፈተ፣ ገዢ ግን ጠፋ። ሰው በገዛ ፈቃዱ የጎርፍ ኢንሹራንስ አይገዛም፤ ያኔም አልገዛ፣ አሁንም ብዙው አይገዛም። በ1973 ሌላ ሕግ ወጣ፤ ይሄኛው ብልጠት ነበረው። የቤቱን ባለቤት ትቶ ባንኩን ያዘ። ቤቱ በካርታው ላይ ከፍተኛ አደጋ ባለበት ዞን ውስጥ ከሆነ፣ የፌዴራል መንግሥት የሚቆጣጠረው ባንክ ያለ ጎርፍ ኢንሹራንስ ብድር መስጠት አይችልም። ቤት የሚገዛ ሰው ሁሉ ከሞላ ጎደል ባንክ ደጅ ስለሚቆም፣ ኢንሹራንሱ በባንክ በኩል ዞሮ መጣለት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ባንኩ የሚጠይቀው ኢንሹራንስ የሚለካው በባንኩ ገንዘብ ነው። ሕጉ የሚያስገድደው ከሦስት ቁጥሮች ትንሹን ነው፦ የቀረው ብድር፣ ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚፈጀው ኢንሹራንስ ሊገባለት የሚችል ዋጋ፣ ወይም ፕሮግራሙ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው ጣሪያ፣ እሱም 250 ሺህ ዶላር። ለምሳሌ ያልተከፈለ 180 ሺህ ዶላር ብድር ቢኖርባችሁና ቤቱን መልሶ ለመሥራት 300 ሺህ ቢያስፈልግ፣ ሕጉ በትንሹ የሚጠይቀው 180 ሺህ ነው። ቤቱ ውስጥ ላለው ሶፋ፣ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ለልጆቹ ልብስ ደግሞ ከተራ የቤት ብድር ጋር የሚመጣ ግዴታ የለም፤ እሱ ለብቻው የሚገዛ ነው፣ እስከ 100 ሺህ ዶላር። ቤቱ ተጎድቶ ካሳ ሲከፈልም በቼኩ ላይ የባንኩ ስም ከእናንተ ስም ጎን ይጻፋል።

እንግዲህ ባንኩ "ግዴታ ነው" ሲል፣ ለእናንተ አዝኖ ማስጠንቀቁ አይደለም። "ግዴታ አይደለም" ሲልም፣ ወይም ዝም ሲል፣ ቤታችሁ ደህና ነው ማለቱ አይደለም። የኒው ኦርሊንስ ጉዳይ ጭንቅላቱ ይኸው ነው።

መስመሩ ምን ይለካል

መስመሩ የተሰመረው በአንድ መለኪያ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በጎርፍ የመጥለቅለቅ ዕድሉ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መሬት ውስጥ ይገባል፤ ስሙም በኤ ወይም በቪ ፊደል ይጀምራል፣ ኤኢ የሚባለው በብዛት የሚታየው ነው። ከዚያ ያነሰው ኤክስ ይባላል።

"የመቶ ዓመት ጎርፍ" የሚለው አጠራር ብዙ ሰው አሳስቷል። በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ፣ ዘንድሮ ከመጣ የልጅ ልጆቻችን ብቻ የሚያዩት ይመስላል። ሒሳቡ ሌላ ነው። በየዓመቱ 1 በመቶ ከሆነ፣ በ30 ዓመት የቤት ብድር ዕድሜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ይሆናል። ከአራት አንድ በሉት። ከመስመሩ ማዶ፣ ኤክስ ውስጥ ያለውም ዜሮ አይደለም። 0.9 በመቶም ኤክስ ነው፣ 0.1 በመቶም ኤክስ ነው። ለባንኩ ግን ጥያቄው አዎ ወይስ አይደለም ብቻ ነው። ብድር ሲሰጥ በሚሞላው የፌዴራል ቅጽ ላይ ያለችው ጥያቄ ይህችው ናት፤ ቤቱ ዞኑ ውስጥ ነው? አዎ። አይደለም። "ዳር ላይ ነው፣ ተጠንቀቁ" የሚል ሳጥን የለም።

ግንቡና ካርታው

ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና ስትመጣ የከተማዋ መከላከያዎች በብዙ ቦታ ተሰበሩ፤ 80 በመቶ የሚሆነው የኒው ኦርሊንስ መሬት ውሃ ውስጥ ገባ። የጎርፍ ኢንሹራንሱ ፕሮግራም ለዚያች አንዲት አውሎ ነፋስ ብቻ ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ከፈለ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከተማዋን የሚከብ አዲስ መከላከያ ሠሩ። ወጪው 14.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ግንብ፣ የአፈር ክትር፣ ግዙፍ በሮች፣ በስተምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባህር ማዕበል ማገጃ። እውነቱን ለመናገር የሚያስደንቅ ሥራ ነው። በ2021፣ ልክ በካትሪና ቀን፣ አይዳ ስትመጣ ይኸው መከላከያ ቆሞ ውሏል።

አንድ ትንሽ ነገር ግን አለች፣ እኔን ሁሌ ታስቀኛለች። ከካትሪና በፊት የነበረው ሥራ በስሙ ውስጥ "የአውሎ ነፋስ መከላከያ" የሚል ነበረበት። አዲሱ ሲሰየም መከላከል የሚለው ቃል ወጥቶ "አደጋ መቀነሻ" ሆነ። መሐንዲሶቹ ቃሉን የቀየሩት አውቀው ነው። እንከላከላለን ብለው ምን እንደደረሰባቸው ያውቃሉ።

የተሠራው ደግሞ ለዚያው ለ1 በመቶ መለኪያ ነው። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። አንድ ክትር ወይም ግንብ በፌማ ካርታ ላይ ከቁጥር እንዲገባ የ1 በመቶውን ጎርፍ መቋቋሙ መረጋገጥ አለበት፤ ካልተረጋገጠ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል፣ ከኋላው ያለው ሰፈርም ዞን ውስጥ ይገባል። የኒው ኦርሊንሱ ተረጋገጠ። እስከዚያ ድረስ ሥራ ላይ የነበረው ካርታ የ1984 ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ከካትሪናም ከአዲሱ ግንብም በፊት የተሳለ። አዲሱ በ2016 ሲጸና አንዳንድ ዝቅ ያሉ ሰፈሮች ኤኢ ውስጥ ቀሩ፣ ከግማሽ በላዩ ግን ኤክስ ሆነ።

ካርታው ዋሸ ማለቴ አይደለም። በራሱ መለኪያ ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ካርታው የመለሰው ጥያቄና ሰዉ የሰማው መልስ መለያየታቸው ነው።

ባንኩ ምን አደረገ፣ ምን አላደረገም

ካርታ ሲቀየር ባንኮች እንዴት እንደሚያውቁ ብዙ ሰው አያውቅም። አብዛኞቹ ባንኮች ካርታውን ራሳቸው ቁጭ ብለው አያዩም፤ የቤቶችን ዞን የሚፈትሹ ድርጅቶች አሉ፣ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ እየተከታተሉ እንዲያሳውቁ ይከፈላቸዋል። ካርታው ሲቀየር ለባንኩ መልእክት ይደርሳል፤ ይሄ ቤት ገባ፣ ያ ቤት ወጣ።

ገባ ከሆነ ሕጉ ጥርስ አለው። ባንኩ ለተበዳሪው ያስታውቃል፣ 45 ቀን ይሰጣል፣ በዚያ ጊዜ ኢንሹራንስ ካልተገዛ ባንኩ ራሱ ገዝቶ ሒሳቡን ለተበዳሪው ይልካል።

ወጣ ከሆነስ? እዚህ ጋ ነው ሕጉ የሚጠፋው። "ከዞን ወጥተሃል፣ ግን ኢንሹራንሱን ባትተው ይሻልሃል" የሚል ደብዳቤ እንዲላክ የሚያስገድድ የለም። ባንኩ ከፈለገ በራሱ ውሳኔ መጠየቁን ሊቀጥል ይችላል፣ ሕጉ አይከለክለውም። ግን ለምን ያደርገዋል? ጎረቤት ያለው ባንክ የማይጠይቀውን እሱ ቢጠይቅ ደንበኛው ይሸሸዋል። ስለዚህ የተለመደው ዝምታ ነው። በኢስክሮው በኩል፣ ማለትም ከወር ክፍያ ጋር አብሮ ሲሰበሰብ የነበረ የጎርፍ አረቦን ካለ፣ ተበዳሪው ጠይቆ ያስወጣዋል፣ የወር ክፍያውም ይቀንሳል። ሰው ይሄን ሲያይ ምን ይላል? ተመስገን ነው የሚለው። እኔም ብሆን።

ፍትሐዊ ልሁን፤ የከተማዋ ሹማምንትም ፌማም ሰዎች ኢንሹራንሳቸውን እንዳይተዉ መክረው ነበር። ምክሩም ባዶ አልነበረም። ከዞን የወጣ ሰው ውሉን ከመሰረዝ ይልቅ ዝቅተኛ አደጋ ላለበት ቦታ ወደተዘጋጀው ርካሽ ውል መቀየር ይችል ነበር፤ ለቤቱ 250 ሺህ፣ ለዕቃው 100 ሺህ ዶላር የሚሸፍነው ሙሉ ውል ያኔ በዓመት ከ500 ዶላር በታች ነበር። በወር ከ42 ዶላር አይበልጥም። ለዚህ ዓይነት ከተማ ይሄ እንደ ነፃ ነው። ግን ምክር ምክር ነው፣ የባንክ ደብዳቤ ደግሞ የባንክ ደብዳቤ ነው። ለሠላሳ ዓመት "ባንክ ስለጠየቀ ነው የምከፍለው" እያለ የኖረን ሰው፣ ባንኩ መጠየቅ ሲያቆም በምን ታሳምነዋለህ?

ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከሩቅ አልነበረም። ካርታው ሊጸና ሰባት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ በኦገስት 2016፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ ያለችው ባተን ሩዥና አካባቢዋ ተጥለቀለቁ። አውሎ ነፋስ አልነበረም፣ ስም የተሰጠው ነገር አልነበረም፣ ዝናብ ብቻ። አንድ ቦታ ላይ ከ31 ኢንች በላይ ተለካ፤ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። 13 ሰው ሞተ። ውሃ ከገባባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ከከፍተኛው ዞን ውጭ የነበሩ፣ ባንክ ኢንሹራንስ ያልጠየቃቸው፣ ኢንሹራንስም ያልነበራቸው ነበሩ።

ኦገስት 5

ኒው ኦርሊንስ እንደ ሳህን ናት። ውሃ ከገባ በራሱ አይወጣም፣ በፓምፕ ተስቦ ነው የሚወጣው። ከተማዋ 24 የፓምፕ ጣቢያ አላት። አንዳንዶቹ ፓምፖች መቶ ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ እነሱም ያኔ ይሠሩ የነበረው ሌላው አሜሪካ ከተወው በቆየ የ25 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ስለነበር የከተማዋ የውሃና ፍሳሽ ቦርድ ኃይሉን በአብዛኛው ራሱ ያመነጭ ነበር። ስለ አቅሙ የከተማው ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃት ደንብ አለች፤ በመጀመሪያው ሰዓት 1 ኢንች፣ ከዚያ በየሰዓቱ ግማሽ ኢንች። ሁሉም ነገር ሲሠራ ነው ታዲያ።

ያን ቅዳሜ በአንዳንድ ሰፈር በጥቂት ሰዓት ውስጥ 9 ኢንች ገደማ ዘነበ። አስሉት። ሦስት ሰዓት ቢሰጡት ፓምፖቹ መሳብ የሚችሉት 2 ኢንች ነው። ሚድ ሲቲና ትሬሜ ውሃ ሞላ። መኪና ሰጠመ፣ ሱቅ ገባ፣ ቤት ገባ።

መጀመሪያ ላይ ባለሥልጣናቱ ፓምፖቹ በሙሉ እየሠሩ ነበር አሉ። ቀን ሲቆጠር እውነቱ ወጣ፤ ከደርዘን በላይ ፓምፖች ከአገልግሎት ውጭ ነበሩ፣ ኃይል ከሚያመነጩት ተርባይኖችም የማይሠሩ ነበሩ። ይሄ ሳያንስ ከአራት ቀን በኋላ ይሠሩ ከነበሩት ተርባይኖች አንዱ በእሳት ተጎዳ፣ ከንቲባ ሚች ላንድሪው ሌሊት ወጥተው ሕዝቡን አስጠነቀቁ፣ የግዛቷ የሉዊዚያና ገዥ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። የቦርዱ አለቆች ከሥልጣን ለቀቁ። ጅብ ከሄደ በኋላ ያለው ጩኸት ሁሉ ተጮኸ።

አሁን ወደ ቤት ባለቤቱ እንመለስ። 14.5 ቢሊዮን ዶላር የወጣበት ግንብ በዚያ ቀን አንድ ጡብ አልወደቀበትም። ውሃው በግንቡ በኩል አልመጣም፤ ከላይ ነው የመጣው። ብዙውን ቤት ከዞን ያስወጣው የግንቡ መሠራት ነበር፣ የቀኑ ጎርፍ ግን ከግንቡ ጋር ጉዳይ አልነበረውም።

ተራው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍ ውሃ አይከፍልም። ይሄን ስንት ጊዜ ብናገር አይሰለቸኝም፤ ጣሪያ ተቀዶ ዝናብ ቢገባ አንድ ነገር ነው፣ መንገድ ላይ የተጠራቀመ ውሃ በበር ቢገባ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ጎርፍ ነው። የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ውሃው ከወንዝ መጣ፣ ከባህር መጣ፣ ፓምፕ ተበላሽቶ ከመንገድ መጣ ብሎ አይመርጥም፤ ቢያንስ ሁለት ይዞታ ወይም ሁለት ኤከር መሬት ካጥለቀለቀ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ርካሹን ውል የያዘ ሰው ያን ቀን ተሸፍኗል። ባንኩ አልጠየቀኝም ብሎ የተወው አልተሸፈነም። ብድሩ ደግሞ አልቆመም። ግድግዳው እየሻገተ፣ ወለሉ እየተነሳ፣ በወሩ መጀመሪያ ክፍያው ይጠበቃል።

እሳቱ የተነሳ ሌሊት የደነገጠ ሰው ሮጦ ቢገዛስ? በተለመደው አሠራር አዲስ ውል የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው።

ተቃራኒው ሲሆን

ቤታችሁ ከኤክስ ወደ ኤኢ ቢገባስ? ብዙ አንባቢ የሚያጋጥመው ይሄኛው ስለሆነ ዝርዝሩን ልንገራችሁ።

ደብዳቤው ሲመጣ የ45 ቀኑ ሰዓት መቁጠር ጀምሯል። ዝም ማለት ውድ ነው። ባንኩ ራሱ የሚገዛው ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ እናንተ ከምትገዙት ይወደዳል፣ የሚጠብቀውም በዋናነት ባንኩን ነው። ቢገዛባችሁም መንገዱ አልተዘጋም፤ የራሳችሁን ውል ገዝታችሁ ማስረጃ ስትሰጡ ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ የእሱን ሰርዞ ሁለቱ የተደራረቡበትን ጊዜ ገንዘብ መመለስ አለበት። ይሄን የማያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ ሲከፍል ይኖራል።

ካርታው በጸና በ12 ወር ውስጥ ከገዛችሁ አዲስ ዞን ለገባ ቤት የሚሰጥ ቅናሽ አለ፤ በዝቅተኛ ዋጋ ይጀምርና በየዓመቱ ይጨምራል፣ ጭማሪውም ብዙውን ጊዜ ከ18 በመቶ እንዳያልፍ ሕግ አለው። የ30 ቀኑ የመጠበቂያ ጊዜም በካርታ ለውጥ ለገባ ሰው በ13 ወር ውስጥ ወደ አንድ ቀን ይወርዳል። ከ2019 ወዲህ ደግሞ መስፈርቱን የሚያሟላ የግል ኩባንያ ውል ብታመጡ ባንኩ መቀበል አለበት፣ ዋጋ ማነጻጸር ትችላላችሁ።

ካርታው ተሳስቷል የምትሉ ከሆነም መከራከሪያ አለ። ካርታ የሚሠራው በሰፈር እንጂ በቤት አይደለም፤ ዞኑ ውስጥ ሆኖ ጉብታ ላይ የተሠራ ቤት ሞልቷል። ፈቃድ ያለው ቀያሽ ቀጥራችሁ የቤታችሁን ከፍታ ታስለካላችሁ። ቤቱን የሚነካው ዝቅተኛው መሬት ከጎርፉ ከፍታ እኩል ወይም በላይ ከሆነ ለፌማ ታመለክታላችሁ። መሬቱ በአፈር ሙሌት ያልተነሳ ከሆነ ማመልከቻው ክፍያ የለውም፣ የቀያሹ ግን ከኪስ ነው። ፌማ ከተቀበለ ቤቱ ከዞን ወጣ፣ የፌዴራሉ ግዴታም ቀረ። ባንኩ ግን "እኔ አሁንም እፈልጋለሁ" የማለት መብት አለው። ደብዳቤውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ማስፈታት የናንተ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ካርታው ከመጽናቱ በፊት ነው። ረቂቁ ሲወጣ የ90 ቀን የይግባኝ ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ ከተማው ነው፤ ኒው ዮርክ በ2015 እንዲህ አድርጎ ፌማ በሚቀጥለው ዓመት ካርታውን ደግሞ ሊሠራ ተስማምቷል። ግለሰብም ይችላል፣ ስብሰባ አለ፣ ማስታወቂያ ይወጣል። የእኛ ሰው ስብሰባው ላይ አይታይም እንጂ።

ዋጋው ከመስመሩ ተለየ፣ ግዴታው ቀረ

ኦክቶበር 2021 ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፌማ የዋጋ አወጣጡን ቀየረ። ከዚያ በፊት አረቦን የሚወሰነው በአብዛኛው በዞኑ ነበር፤ አሁን ቤቱ ለውሃ ያለው ርቀት፣ ከፍታው፣ መልሶ ለመሥራት የሚፈጀው ወጪ፣ የዝናብ ጎርፍ ዕድል ሳይቀር ይታያል። ያ ከ500 ዶላር በታች የነበረው ርካሽ ውልም እንደ ውል ዓይነት ቀረ። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ የነባር ውሎች እድሳትም በዚሁ ገባ። ሉዊዚያና ውስጥ ቁጣው ከባድ ነበር፤ በጁን 2023 ግዛቷ ከሌሎች ግዛቶች ጋር ሆና ፌማን ከሰሰች።

እና ባንኩስ? ባንኩ አሁንም መስመሩን ነው የሚያየው። ይሄ ነው ለኔ የማይዋጠው። መንግሥት በአንድ እጁ "ዞን የቤትህን አደጋ በደንብ አይናገርም" ብሎ ዋጋውን ከዞን ላይ አነሳ፤ በሌላ እጁ ማን መግዛት አለበት የሚለውን እዚያው መስመር ላይ ተወው። ኤክስ ውስጥ ያለ ሰው ዋጋ ሲጠይቅ ከፍ ያለ ቁጥር ይነገረዋል፣ ይህ ማለት የመንግሥት ስሌት ራሱ ቤትህ አደጋ አለበት እያለው ነው፣ ባንኩ ደግሞ አያስፈልግህም ይለዋል። ማንን ይመን? ርካሹን ያምናል።

የኒው ኦርሊንሱ ዝናብ በደረሰ በሦስት ሳምንቱ ሃርቪ የተባለ አውሎ ነፋስ ሂዩስተንን መታ። እዚያ የኛ ሰው ብዙ ነው፣ ቤት የገዛውም ብዙ ነው። ሂዩስተን ባለችበት በሃሪስ ካውንቲ ከ154 ሺህ በላይ ቤት ውሃ ገባው፤ ከእነዚህ ውስጥ 1 በመቶው ዞን ውስጥ የነበሩት 49 ሺህ አይሞሉም። ሌላው ሁሉ ከመስመሩ ውጭ ነው፣ ባንክ እንዲጠይቀው ሕግ የማያስገድደው። ኢንሹራንስ የነበራቸው ከጠቅላላው 36 በመቶ ነበሩ።

በባንኮቹ መፍረድ ይቀላል፣ ግን ሕጉ ያላቸውን ነው ያደረጉት። እኔ ጣቴን የምቀስረው ሕጉ ላይ ነው። ሲገቡ ማስታወቂያ ግዴታ ከሆነ፣ ሲወጡም ግዴታ ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ከዞን ወጥተዋል፣ ኢንሹራንሱን እኛ አንጠይቅም፣ ቢተዉት የቤት ኢንሹራንስዎ ጎርፍ አይከፍልም፣ መልሰው ቢገዙ 30 ቀን ይጠብቃሉ። ለባንኩ የቴምብር ዋጋ ነው።

ጁላይ 10 ቀን 2019 ጠዋት ኒው ኦርሊንስ ላይ እንደገና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ8 ኢንች ያላነሰ የዘነበበት ሰፈር ነበር፣ ጎዳናዎቹ እንደገና ሞሉ። እዚያ ከተማ ሰፋፊዎቹን መንገዶች መሐል ለመሐል የሚከፍል ከፍ ያለ ሣር አለ፣ ነዋሪው "ኒውትራል ግራውንድ" ይለዋል። ከባድ ዝናብ ሲጠበቅ ከተማው ፓርኪንጉን ይፈቅዳል፣ ሰውም መኪናውን እየነዳ ሄዶ እዚያ ሣር ላይ ያወጣዋል። የኤኢ ሰውም፣ የኤክስ ሰውም።